ማማው ሳይበራ የተመለሱት

አቶ ግዛው የትኛው ማይል ላይ እንደሞቱ ያወቀ ሰው የለም። ከሐቫሱ ሐይቅ ሲነሡ ቫኑ ውስጥ ካለው የኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ቫኑ ላስ ቬጋስ ገብቶ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ከሚኖሩበት አፓርትመንት ደጅ ሲቆም ግን የሚቀሰቀስ ሰው አልነበረም።

ጽጌወይን የደረሰችው ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሰው ሐኪም በሌለበት በድንገት ሲሞት «ምን ገደለው?» ብላ የምትጠይቀው የካውንቲው መርማሪ እሷ ናት። አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ እዚህ መጥታ ከታች ጀምራ፣ ፈተና ተፈትና ወደዚያው ሙያዋ ተመለሰች። ከሁለቱም አገር የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ሊናገር ብሎ የሚውጠውን ማድመጥ ነው። በልቧ «ነፍስ ይማር» አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

አስከሬኑ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ ደረት ተስቧል፤ ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። የታገለ ሰው አይመስልም። የሸሚዙ ኮሌታ ግን በላብ ርሶ የደረቀ ነው፤ ያውም በኅዳር ብርድ። ግራ ክንዱ ላይ ሳንቲም የምታክል የስኳር መለኪያ ተለጥፋለች። አንገቱ ላይ ከጥቁር ማተቡ በቀር ምንም የለም።

የቫኑ ምድጃ ላይ ድስት አለ። ክዳኑን አነሣች። ሩዝ በሥጋ ነው፤ ከሩዙ ጋር ሰላጣ፣ የተገመጠ ዳቦ፣ አንድ ሹካም ጭምር ተደባልቆ ገብቷል። ቀርቦ የነበረ ምሳ ሳይበላ በጥድፊያ ተመልሶ እንደተገለበጠ ያስታውቃል። ከመስኮቱ ሥር ኢንሱሊን የሚወጉበት ብዕር ተጋድሟል፤ መርፌው ተጠቅመውበታል።

«ስልኩን እዪው» አላት የፖሊሱ መርማሪ በእንግሊዝኛ። «አምቡላንሱ ሲደርስ ትራሱ ሥር ሆኖ ይጮህ ነበር። ክንዱ ላይ ያለችው ነገር ስኳሩ ሲወርድ ለስልኩ ትናገራለች፣ ስልኩ ይጮኻል። ድምፁን ብትዘጊው እንኳ ይጮኻል። ሰውዬው እየሞተ መንገዱን ሙሉ ጮኋል ማለት ነው። ሾፌሩም እየሰማ ነድቷል።»

«መንገዱን ሙሉ መጮኹን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ስልኩ ነዋ! ሽማግሌውና ሴትየዋ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ነቅቶ የነበረው ልጁ ብቻ ነው። ያን የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ደግሞ ልጁና ሟቹ ጠበኞች ነበሩ አሉ።»

ጽጌወይን ወደ ውጭ ተመለከተች። ሦስቱ ተጓዦች ከመኪና ማቆሚያው መብራት ሥር ቆመዋል። አቶ ኤልሳዕ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ማርዋ፣ የአዛውንት መጦሪያ ቤት የምትሠራው ጎረቤት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ማቲያስ፣ የቫኑ ባለቤት፣ እዚሁ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ መሬቱን ነው የሚያየው።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አበባየሁ ከሥራ መጡ። ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሺፍታቸው ወጥተው፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ያለቀሱትን ልቅሶ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ድምፃቸው ሲዘጋ ግን የአቶ ኤልሳዕን ክንድ ጨበጡ።

«ኤልሳዕ፣ አደራህን። ለናርዲ በስልክ እንዳትነግሩብኝ። ልጄ ብቻዋን ናት። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች ንገርና፣ ሰው ሰብስበው፣ ማለዳ ሄደው ያርዷት። እኔም አልደውልላትም፤ ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለች።»

አቶ ኤልሳዕ ባርኔጣቸውን ጨምቀው አንገታቸውን ደፉ። ማርዋ ዞር ብላ ወደ ቫኑ ኋላ ሄደችና ጎማውን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ጽጌወይን አየቻት። ለሟቹ ያላለቀሰችው ሴት ስለ ልጅቱ ሲነሣ ለምን እንዲህ ሆነች?

በማግስቱ፣ እሑድ፣ የስኳሩ ውጤት መጣ። ስኳሩ ለልብ እስከማይበቃ ወርዷል፤ ልባቸውም ቀድሞውኑ ደካማ ነበር። የፖሊሱ መርማሪ ማክሰኞ ጠዋት ማቲያስን ከሶ ሊያስር ወሰነ። ጽጌወይን የቀራት እሑድና ሰኞ ነው።

ልቅሶ ቤት ስትደርስ ማርዋ ደጁ ላይ ቅርጫት ይዛ ቆማለች።

«ስልክዎን እዚህ ያኑሩልኝ።»

«በልቅሶ ቤት ቅርጫት አይቼ አላውቅም።»

«ሲጮህ ይረብሻቸዋል ብለን ነው» አለች ማርዋ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ውስጥ ሰው እንደ ጉድ ሞልቷል። አንዲት አሮጊት ገና ከመግባታቸው «ወይ የኔ እህት! በአንድ ጊዜ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ፣ አጠገባቸው የነበረች ሴት ክንዳቸውን ቆንጥጣ ዝም አሰኘቻቸው። ጽጌወይን ይህንንም ሰማች። ከወይዘሮ አበባየሁ ጎን ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ያ ልጅ ነው የገደለው?» አሉ እመቤቲቱ፣ እጇን ይዘው። «ማቲያስ? እኔ አይመስለኝም። ግን ካልነገርሽኝ ማንንም ሰው በቀና ዓይን ላይ አልችልም።»

«ለምን ተጣሉ?»

«የናርዲ እጮኛ ነው። በዲቪ ስንመጣ ልጄ ዕድሜዋ አልፏል ተብላ ቀረች። ይሄ ልጅ ሄዶ ሊያገባት፣ ሊያመጣት ነበር። ኦቨርታይም እያለ፣ ዛሬ ነገ እያለ ዓመት አለፈ። ግዛው ‹ልጄን በተስፋ አታድርቅብኝ› ብሎ ሰው ፊት ገሠጸው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።»

«ታዲያ አብረው ጉዞ ሄዱ?»

«እኔም ገርሞኛል። ኤልሳዕ ነው ዓርብ ዕለት በድንገት ተነሥቶ ‹ግዛው የመብራት ማማ እንዳማረህ አይቅር፣ ሐቫሱ ሐይቅ ዳር ዙሪያውን ተተክለዋል አሉ፤ እናሳይህ› ያለው። አባቱ አሰብ ወደብ የባሕሩን መብራት ከሚያበሩት አንዱ ነበሩ። ልጅ ሆኖ እዚያ ነው ያደገ። እነዚህ የሐይቁ ማማዎች ከትልልቆቹ ተቀንሰው የተሠሩ ናቸው፣ ቁመታቸው አጭር ነው ቢሉትም ‹ሲመሽ ይበራሉ አይደል? ሲበሩ ፎቶ አንሥቼ አመጣልሻለሁ› ብሎኝ በዚያው ማታ ሄደ። መንገድ ላይ አድረው ቅዳሜ ሊደርሱ ነበር።»

«ስልካቸውን የት ነበር የሚይዙት?»

«አንገቱ ላይ ነዋ! በክር አንጠልጥሎ። ከስኳሩ የተነሣ ተኝቶ እንኳ አያወልቀውም። ‹ሁለተኛ ማተቤ› ይል ነበር።»

«እርስዎስ፣ በጉዞው ደወሉላቸው?»

«በምን ልደውል? የኔ ስልክ ዓርብ ዕለት ደንዝዞብኝ ማርዋ ‹ላሠራልዎ› ብላ ወስዳዋለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ ማን ስለ ስልክ ያስባል?»

«ትናንት በሕይወት ቢደርሱ ዛሬ ሥራ ይገቡ ነበር?»

«እስከ ማክሰኞ ኦፍ ነበር።»

ጽጌወይን አመስግና ተነሣች። አቶ ኤልሳዕን ከበረንዳው አገኘቻቸው።

«ሊመሽ ሲል የሚበራ ማማ ለማየት ሄዳችሁ፣ በእኩለ ቀን ለምን ተመለሳችሁ?»

«ደከመን፣ ልጄ። ነፋስም ነበር።»

«ምሳ በላችሁ?»

«በላን… ቀመስን።»

«መንገድ ላይስ?»

«እኔን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ሰርችላይት የምትባለዋ ከተማ አጠገብ ጎማ ሲፈነዳ ነው የነቃሁት። እሱ ተኝቶ ነበር። ልጁ ጎማ ሲቀይር ቆመን ጠበቅን። ከዚያ መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ጎማ ስትቀይሩ የሰማችሁት ድምፅ ነበር?»

«የነፋስ ነው።» ቆም ብለው ጨመሩ። «ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማቲያስን ጠይቂው። የነቃ እሱ ነው።»

ማርዋ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች።

«ጎማው ሲፈነዳ ለምን አልቀሰቀሳችኋቸውም?»

«ማቲያስ ልቀስቅሰው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ይተኛ፣ ነገ እንቅልፍ የለውም አልኩ።» ቃሉ ካፏ እንደወጣ እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ነገ ሺፍት ነበራቸው?»

«አዎ… ይመስለኛል።»

ጽጌወይን አላረመቻትም።

ሰኞ ጠዋት ዊትኒ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። ማቲያስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ሻንጣ አዘጋጅቷል።

«ነገ ሊወስዱኝ ነው አይደል፣ አንቲ?»

«ካልተናገርክ አዎ። ስልኩ ሲጮህ ሰማህ?»

«ሰማሁ። ግን መንገድ ላይ አይደለም። እኛ ስንደርስ አንክል ግዛውን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ወጥቼ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ስመለስ ስልኩ እየጮኸ ነው። ለፖሊሱ ነገርኩት፣ አላመነኝም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ምንም። ሬዲዮ እንኳ አልከፈትንም። አንክል ኤልሳዕ ሬዲዮ አትክፈት አለኝ።»

«አንተ ስትደውል ማርዋ የት ነበረች?»

«እትዬ አበባየሁን ልትፈልግ ሮጠች።»

«ቫኑ ውስጥ ማን ቀረ?»

ፊቱን ወደ ሻንጣው መለሰ። ጽጌወይን ቀጠለች፤ «ከተጣላኸው ሰው ጋር ሁለት ቀን በነፃ የነዳኸው ለምንድን ነው?»

«ያን አልናገርም። ፕሮሚስ አድርጌያለሁ።»

«እስር ቤት ልትገባ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«ይሁን» አለ። ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። «የስኳሩን አፕ ሴትአፕ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ማንቂያው የእኔም ስልክ ላይ ይመጣ ነበር። ሲሰድበኝ ተናደድኩና ዲሊት አደረግሁት። ቅጣቱ ይገባኛል።»

ጽጌወይን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። ራሱን የማያድን ሰው ስንት አይታለች፤ አብዛኞቹ ጥፋተኞች ነበሩ። ይህ ግን የሚሸሽገው የራሱን አይደለም። የሰው አደራ ነው።

ቫኑ ፖሊስ ግቢ ቆሟል። ለሁለተኛ ጊዜ ፈተሸችው። ከፊተኛው ወንበር ሥር ክብ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች፤ በየቤቱ መርፌና ክር የሚቀመጥበት ዓይነት። ባዶ ነው፤ ከውስጡ አንድ ሰማያዊ ክር ብቻ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ላይ ስልክ የሚያዝበት መንጠቆ አለው። ከአልጋው አጠገብ የሟቹ ካሜራ አለ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀይና ነጭ ማማ፣ ጥቁርና ነጭ ማማ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ትንሽ ማማ። ሁሉም በጠራራ ፀሐይ፤ አንዱም አልበራም። በመጨረሻው ፎቶ ከማማው ሥር ምሳ ቀርቧል፤ አራት ሳህን። ከበስተኋላ በሣሩ ላይ አንድ ቤተሰብ እየመጣ ነው፤ ነጠላ የለበሰች ሴት እጇን አንሥታ ታውለበልባለች።

ጽጌወይን ካሜራውን አስቀመጠች። ክሩን አነሣች፣ ደግማ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረችው። ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ባይገባት በወደደች።

ከሰዓት በኋላ አቶ ኤልሳዕ ቤት ሄዳ በር ላይ እንደቆመች ተናገረች።

«ነገ ማለዳ ለወይዘሮ አበባየሁ ንገሯቸው። እንደ ወጉ። ከእርስዎ አፍ ይስሙት። እኔ የምለው ከዚያ በኋላ ነው።»

 አቶ ኤልሳዕ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የወይዘሮ አበባየሁ ሳሎን በሰው ሞላ። አቶ ኤልሳዕ፣ ማርዋ፣ ማቲያስ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ። የፖሊሱ መርማሪ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ጽጌወይን ልትተረጉምለት ቃል ገብታለች። የተቀመጠ ሰው የለም። ወይዘሮ አበባየሁ ከመኝታ ቤት ወጡ፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሽማግሌ ሆኖ፣ ቄስ ይዞ፣ ሳይነጋ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እሳቸውም ስንት ቤት ሄደው ያውቁታል።

«ግዛው እንደሆነ ሞቷል» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ልቀብረው ነው። ታዲያ ማለዳ የመጣችሁት ለማን ነው?»

 አቶ ኤልሳዕ ተንበረከኩ።

«ናርዲ?» አሉ ወይዘሮ አበባየሁ።

«ሐሙስ ዕለት» አሉ አቶ ኤልሳዕ፤ «መኪና ገጭቷት። ክርስትና አባቷ ነኝና መጀመሪያ ለኔ ደወሉ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አይቻልም። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ፤ ጸሎቱን የሰማው ሰው አልነበረም። ማቲያስ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፀሐይ ወጥታ በመስኮቱ ስትገባ ወይዘሮ አበባየሁ ቀና አሉ። ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«እህቴ» አሏት ጽጌወይንን፤ «አንቺም የመጣሽበት አለሽ። ጨርሺው። ግዛውን ምን ገደለው?»

«ሌላ ቀን ይሁን።»

«ሌላ ቀን የለኝም። አሁን።»

ጽጌወይን ትይዩአቸው ተቀመጠችና፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር፣ ረጋ ብላ ጀመረች።

«መጀመሪያ የገረመኝ ስልክ ነው። የአንድ ቤት ባልና ሚስት በአንድ ዓርብ ሁለቱም ስልክ አጡ። የእርስዎን ማርዋ ወሰደችው። ልቅሶ ቤት ስመጣ ደግሞ የለቀስተኛው ስልክ በቅርጫት ይሰበሰባል። ሰው ከሐዘንተኛ ቤት ስልክን ሁሉ የሚያርቀው፣ በስልክ የሚመጣ ሌላ ነገር ሲፈራ ነው። አንዲት እናት ‹በአንድ ጊዜ!› ሲሉ ተቆነጠጡ። ማርዋ ደግሞ ‹ነገ እንቅልፍ የለውም› አለችኝ። ኦፍ ለሆነ ሰው ነገ እንቅልፍ የሚያሳጣው ምንድን ነው? ለእሑድ ማለዳ የተቀጠረ መርዶ ነበር። ጉዞው ለማማ አልነበረም፤ አቶ ግዛው ከሰው አፍ፣ ከፌስቡክም እንዳይሰሙ እስከዚያ ማራቂያ ነበር።»

«ሕፃን እንኳ አይታለልም ነበር» አሉ ወይዘሮ አበባየሁ ለራሳቸው። «እኛ ተታለልን።»

«ተጓዦቹ ‹ከስልክ እንረፍ› ብለው የሁሉንም ስልክ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ። የአቶ ግዛው ክር እዚያ ውስጥ ተገኝቷል። ቅዳሜ ቀን፣ ሐይቁ ዳር፣ ምሳ ቀረበ። አቶ ግዛው ሳህናቸውን አይተው ኢንሱሊናቸውን ተወጉ፤ ተወግቶ የማይበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። ልክ በዚያን ጊዜ የሐበሻ ቤተሰብ እጁን እያውለበለበ መጣ። በካሜራው አለ። የሚያውቋቸው ናቸው፤ ቀርበው ‹እግዜር ያጽናህ› ሊሉ ነው። ያኔ ምግቡ ከነሹካው ተገልብጦ ቫኑ ተነሣ። ለዚህ ነው ማማው ሳይበራ የተመለሱት።»

«እኔ ነኝ የገለበጥኩት» አለች ማርዋ፤ «ርቦኛል፣ ተወግቻለሁ እኮ አለኝ። መንገድ ላይ ትበላለህ አልኩት። ወዲያው ተኛ። ደክሞት ነው አልኩ። እኔ በሽተኛ የምጠብቅ ሴት!»

«ስኳር ሲወርድ እንቅልፍ ይመስላል» አለች ጽጌወይን። «ለዚያ ነው ስልኩ የሚጮኸው። ቫኑ አንድ ክፍል ነው፤ ጎማ ሲቀየር ሁላችሁም በበሩ ቆማችኋል፤ የሰማችሁት ነፋስ ብቻ ነው። ማቲያስ ግን ደውሎ ሲመለስ ስልኩ ይጮህ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ፣ ሰውዬው ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጮህ ስልክ ተዘግቶ የተከፈተ ስልክ ነው። ክሩን ቆርቆሮው ውስጥ ረስቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ከፍቶ ትራስ ሥር ያስገባ እጅ አለ። ማቲያስ ውጭ ነበር። ማርዋ እርስዎን ፍለጋ ሮጣለች።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞሩ። አቶ ኤልሳዕ ከተንበረከኩበት አልተነሡም።

«ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሲሰጠኝ ‹ኤልሳዕ፣ እንዳትዘጋው፣ ነፍሴ እሱ ላይ ናት› ብሎ ስቆ ሰጠኝ። እሺ አልኩት። ቀን ላይ ከአዲስ አበባም፣ ከዲሲም መደወል ጀመረ፤ ቆርቆሮው እግሬ ሥር ይንጫጫል። ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ሰዎቹ መጡ፣ ሮጥን። ተኝቶ ሳየው ደስ አለኝ። እንኳን ተኛ አልኩ።»

«ስልኩንስ ለምን መልሰው ከፈቱት?» አለች ጽጌወይን።

«ፈራሁ። የልጇንም የባሏንም ሞት ከኔ አፍ ስትሰማ… ልጁ ወጣት ነው፣ ጠበቃ ይዞ ይወጣዋል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ የመጣው ከሰይጣን ነው አልልም። የኔ ነው።»

ጽጌወይን ለፖሊሱ መርማሪ ሁሉንም ተረጎመችለት። የማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ።

«ሐሰት ተናግረዋል፤ ለዚያ ይጠየቃሉ» አለ በመጨረሻ። «ስልክ መዝጋትን ግን በየትኛው ሕግ ልክሰሳቸው? ልጁ ነፃ ነው ብለሽ ንገሪው።»

ነገረችው። ማቲያስ ራሱን አላነሣም። «ነፃ?» አለ። «ለጥር ቲኬት ቆርጬ ነበር፣ አንቲ። ሰርፕራይዝ ላደርጋት።»

ወይዘሮ አበባየሁ ተነሥተው ከአቶ ኤልሳዕ ፊት ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ይራገማሉ ብለው ፈሩ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄን ክርስትና ያነሣህልኝ አንተ ነህ። ክፉ እንዳላሰብክ አውቃለሁ። ግን ንገረኝ፤ ደብቃችሁ ምን አተረፋችሁልኝ? የዓርብ ሌሊት እንቅልፍ ነው? እሱን ተኝቻለሁ። ቅዳሜ ሺፍቴ ላይ ልብስ ሳጥፍ፣ ሳጥፍ ውዬ፣ ልጄ ከሞተች በኋላ፣ ስቄ ዋልኩ። ግዛውን ብትነግሩት ያለቅስ ነበር። የሚያለቅስ ሰው አይሞትም።»

«ይቅር በዪኝ» አሉ አቶ ኤልሳዕ።

«እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔ ገና የማደርገውን አላውቅም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ።  እውነቱ ተገኝቷል፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ግን አንድም ሰው ከሌሊቱ የተሻለ ሆኖ አልነጋለትም።

ማርዋ እያነባች ከቦርሳዋ ስልክ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ አበባየሁ፣ ስልክዎ። አልተበላሸም ነበር።»

ወይዘሮ አበባየሁ ስልኩን አዩት። እጃቸውን አልዘረጉም።

«አንቺው ያዢው» አሉ። «ከእንግዲህ ማን ይደውልልኛል?»

ማርዋ ስልኩን ይዛ ቆመች። የምታኖርበት ስታጣ ወደ ደጅ ወጣችና ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።